የሲ ቡራዊ በረኪና

ባለሙያ የማይጠራ ሰው የሌለበት ሰፈር እስካሁን አላየሁም። ቧንቧው ቢፈነዳ፣ ጣሪያው ቢያፈስ፣ ጥርሱን ቢያመው እንኳ መጀመሪያ ራሱ ይሞክራል። ሁለተኛም ራሱ ይሞክራል። በሦስተኛው ጎረቤት ጠርቶ ያዛል። ፈጣሪ ለየሰፈሩ እንዲህ ያለ አንድ አንድ ሰው ሲያድል፣ ለእኛ ለሽት ማርየም ሰፈር ሰዎች የደረሱን ክቡርነታቸው አቶ ቡራዊ፣ በእኛ አነጋገር ሲ ቡራዊ፣ ናቸው። እሳቸውን ከሌሎቹ የሚለያቸው መድኃኒታቸው አንድ ብቻ መሆኑ ነው፤ በረኪና።

ሌላ ምስጢር የለውም፤ ሱቅ ውስጥ በጀሪካን የሚሸጠው፣ ግቢ የምናጥብበት ተራው በረኪና ነው። ደረጃው ቢሻግት በረኪና። ፍሳሹ ቢሸት በረኪና። የባለቤታቸው የወይዘሮ ዘኪያ፣ በእኛ አነጋገር የላላ ዘኪያ፣ የመቃብር ድንጋይ እንኳ ነፍሷን ይማርና ከመቃብሩ ሁሉ ነጥቶ ከመንገድ ይለያል። ነጭ ነጠብጣብ የሌለበት ሱሪ የላቸውም። ለሠርግ የሚለብሱት ጥቁር ኮት ራሱ ጨው የተነሰነሰበት ይመስላል።

«ባለሙያ ማን ነው?» ይላሉ ጣታቸውን ቀስረው። «የምታውቀውን ነግሮህ፣ የማታውቀውን ዱቄት ሸጦልህ የሚሄድ ሰው ነው!»

እኔ ከግድግዳው ማዶ ነው የምኖረው። ባሌ ከሞተ ቆይቷል። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ሱሳ ከተማ ፖስታ ቤት ስልክ አገናኝ ነበርኩ፤ ስለዚህ የሰው ንግግር ግማሹን ሰምቶ ሌላውን ግማሽ መሙላት ለእኔ የሥራ ልማድ እንጂ ነውር አይደለም። ሰገነቴ ቁልቁል የሲ ቡራዊን መዋኛ ገንዳ ያያል። ቀን ሙሉ አያቸዋለሁ ብል ማጋነን አይሆንም። ምን ላድርግ፣ ሌላ የማየው ሰው የለኝም።

ገንዳውን ያሠራችው ሊዮን ከተማ የምትኖረው ልጃቸው ኢምቲሳል ናት። ውጭ አገር ያሉ ልጆቻችን ሁሉ እንደሚያደርጉት፣ ነሐሴ ነሐሴ ልትዋኝበት አሠራችውና የቀረውን ዓመት ለአባቷ ትታላቸው ሄደች። ሲ ቡራዊም ነሐሴ እስኪመጣ ይጠብቁታል። ጠዋት ጠዋት በትንሽ ብልቃጥ ውሃ ቀድተው፣ ጠብታ ጨምረው፣ ቀለሙን ወደ ፀሐይ አንስተው ያዩታል። ከዚያ የበረኪናው ሽታ ግድግዳውን ተሻግሮ ቡናዬ ውስጥ ይገባል። ስንት ጊዜ በዚያ ሽታ ተማርሬ መስኮቴን በኃይል ዘግቻለሁ።

ደግሞ እውቀት የላቸውም ብዬ እንዳላማቸው። አንድ ቀን ላላ ማብሩካ፣ ከታች በኩል ያለችው ጎረቤታችን፣ መታጠቢያ ቤቷ አልነጣ ብሏት በረኪናና የጨው አሲድ ደባልቃ ልትደፋ እንደሆነ በመስኮቷ ለእህቷ ስታወራ ሰሟት። አንድ እግራቸው ጫማ፣ ሌላው ባዶ ሆኖ እየሮጡ ሰተት ብለው ቤቷ ገቡ።

«አንቺ ሴት! አስቀምጪው! ጭሱ ሊገልሽ ነው! በረኪና ከማንም ጋር አይዳበልም፣ ብቻውን ነው የሚኖረው!»

ላላ ማብሩካ መታጠቢያ ቤቷ ድረስ ዘው ያለ ወንድ አይታ ስለማታውቅ በመጥረጊያ መለሰቻቸው። ማታ ባሏ ሲነግራት ነው እንዳዳኗት የገባት፤ በማግስቱ መቅሩድ የሚባለውን የቴምር ጣፋጭ ጋግራ በሰሃን ሙሉ ላከችላቸው። እሳቸው መቅሩዱን በልተው ሰሃኑን በበረኪና አጥበው መለሱላት።

እንግዲህ እኚህ ሰው ባለፈው የብርድ ወራት ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። ብዙ ጊዜ አልጋ ላይ ዋሉ። ፓምፑን የሚያስነሳ፣ ውሃውን የሚያይ አልነበረም። ፀደይ አልፎ በምርኩዝ ብቅ ሲሉ ገንዳው ውስጥ የጠበቃቸው ውሃ ሳይሆን ድስት ሙሉ ሙሉኪያ፣ ያ አረንጓዴ የቅጠል ወጥ፣ ነበር። አረንጓዴ ልጋግ ግድግዳውን ይዞታል፤ እንቁራሪቶች ርስት ቆርሰውበታል።

ኢምቲሳል በስልኳ ምስሉን አይታ ደወለች። እኔ ሰገነቴ ላይ ልብስ አሰጣ ነበር። ልብሱ ደርቋል፤ ቢሆንም አሰጣለሁ።

«ምን ሆቴል ነው ልጄ?» ሲሉ ሰማኋቸው። «ሐማመት? ቤት እያላችሁ?... ልጆቹን አያሳክካቸውም! በረኪና እያለ!... ባለሙያ አልጠራም አልኩሽ።... እሺ፣ ስሚኝ። እስክትመጡ ውሃው ይጠራል። ከጠራ ግን እዚህ ነው የምታድሩት። እሺ? ከጠራ፣ እዚህ።»

ከወዲያ በኩል ያለውን ግማሽ እኔ ሞላሁት። «እናያለን፣ ባባ» ነው ያለችው። በሥራ ዘመኔ «እናያለን» የሚለውን ቃል ከውጭ አገር ወደዚህ ስንቴ አገናኝቼዋለሁ፤ ድምፁን ከሩቅ አውቀዋለሁ።

ሲ ቡራዊ ግን «ከጠራ» የሚለውን ይዘው ተነሡ። ቅጠሉን በመረብ ለቀሙ። ምርኩዛቸውን በአንድ እጅ፣ ረጅሙን ብሩሽ በሌላው ይዘው ግድግዳውን ጥግ በጥግ ፈተጉ። ልጋጉ ሳይፈተግ በረኪና መድፋት ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ነው። ከዚያ ፀሐይዋ እስክትጠልቅ ጀሪካኑን ታቅፈው ይቀመጣሉ።

«አሁን ለምን አይደፉትም?» አልኳቸው ከላይ።

«ፀሐይ በረኪና ትበላለች፣ ላላ ኑዝሃ! ቀን የሚደፋ ሰው ፀሐይን ነው የሚቀልባት። ይህን እንኳ ሳያውቁ ነው ዕድሜ ልክዎን ግቢ ያጠቡት?»

ማታ ማታ ደፉ፣ ፓምፑም ሳያርፍ ሠራ። እንቁራሪቶቹ ተሰደዱ። ውሃው ከሙሉኪያ ወደ አተር ክክ ቀለም መጣ። ያኔ በረኪናው አለቀ። እግራቸው አልጠናምና «እኔ ልሂድልዎ» አልኩ። ሱቅ ስደርስ ተራው የለም። ባለሱቁ ባለ ላቬንደር ሽታውን አነሳልኝ። የሱሳ ሴት ሁሉ ግቢዋን የምታጥበው በእሱ ነው፤ ሽታው ደስ ይላል፤ ለሽማግሌውም አፍንጫ ለእኔም ቡና ይሻላል ብዬ ተሸክሜ መጣሁ። እሳቸው መነጽራቸውን አላደረጉም። አንዱን ጀሪካን አንጠፍጥፈው ደፉት፤ ሁለተኛውንም እንዲሁ።

ብዙም አልቆየ፣ ገንዳው መኩፈስ ጀመረ፤ ለካ ባለ ሽታው ሳሙና አለበት። አረፋው ከጠርዙ አልፎ የሎሚውን ዛፍ ግንድ ዋጠው።

«ላላ ኑዝሃ! ምንድን ነው ያመጡልኝ?»

«በረኪና ነዋ!»

«ምን ዓይነት በረኪና?»

«ጥሩውን ዓይነት! ላቬንደር!»

«እኔ ያለኝ ገንዳ ነው፣ ሳሎን አይደለም!» አሉና ሌላ ስድብ ፍለጋ አፋቸውን ከፈቱ። አላገኙም መሰለኝ፤ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። «ሰኞ ይመጣሉ» አሉ ቀስ ብለው። «አይደርስም።»

ለስድብ የተዘጋጀ ጆሮዬ ያን «አይደርስም» አልቻለውም። ወጥ ቤት ገብቼ የኩስኩስ መቀቀያዬን፣ ያቺን ቂጧ እንደ ወንፊት የተበሳሳውን፣ ይዤ ወረድኩና አረፋውን እየገፈፍኩ ወደ ፍሳሹ መድፋት ያዝኩ። ውሃው በቀዳዳው ሲወርድ አረፋው ይቀራል። እሳቸው አዩኝ፣ አዩኝና ተነሥተው መጡ።

«እንደዚያ አይያዝም» አሉ። «ይስጡኝ፣ ላሳይዎት።» ዳኑ አልኩ በልቤ።

አረፋው አለቀ፤ ከሱሳ የመጣው ተራ በረኪናም ደረሰ። አንድ ጠዋት ውሃው እንደ ወተት ደፈረሰ፤ ሲ ቡራዊም ግቢያቸው መሃል ቆመው «ሞተ! ሞተ!» ብለው ጮኹ። ልጋጉን ማለታቸው ነው። ላላ ማብሩካ ግን ነጠላዋን ጣል አድርጋ ማን እንደሞተ ልትጠይቅ ወጣች። የሞተውን ማጣሪያው እየለቀመ አወጣው፤ ቅዳሜ ውሃው ጠራ።

በዚያ ቤት ውሃ መጥራቱ የሚረጋገጥበት ሥርዓት አለ። ሲ ቡራዊ የዋናውን በር ቁልፍ ወደ ጥልቁ ይወረውራሉ። ጥርሱ ከላይ ከተቆጠረ ጠርቷል ማለት ነው። ከዚያ የልጅ ልጃቸው ዋሲም ሲመጣ ጠልቆ ያወጣዋል፣ እጁን አንስቶም ለአያቱ «ጂዲ፣ ቤቱ ተከፈተ!» ይላል። በጋው የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው። እስከዚያው ክቡርነታቸው በጓሮ በር ይገባሉ፣ ይወጣሉ።

ሰኞ መጡ። ልጆቹ እጃቸው ላይ የሆቴል የፕላስቲክ አምባር አስረዋል። የተዘጋጀላቸውን ኩስኩስ በሉ። ዋሲም ከአምና ወዲህ በአንድ ክንድ ረዝሟል፤ ገንዳው ዳር ቆሞ ውሃውን አየ።

«ጂዲ፣ መንሸራተቻ የለውም?»

«ቁልፉ አለ እኮ» አሉ ሲ ቡራዊ። «ትታይሃለች?»

«አየኋት። በኋላ አወጣታለሁ።»

በኋላ የሚባለው አልመጣም። የሆቴሉ እራት ሰዓት ነበረው። ኢምቲሳል አባቷን ግራና ቀኝ ሳመቻቸው። «ባባ፣ ቀድመን ከፍለናል እኮ፣ ልጆቹም እዚያ ጓደኛ ይዘዋል። ዓርብ እንሞክራለን። ውሃው ግን እንዴት አምሮበታል! ማን አጸዳልህ?»

እኔ ሰገነቴ ላይ የደረቀ አንሶላ እንደያዝኩ ቀረሁ።

«ባለሙያ ጠራሁ» አሉ ሲ ቡራዊ።

መኪናው ከሄደ በኋላ ብልቃጧን ከወንበሩ ሥር አስቀመጧት። በማግስቱ የበረኪና ሽታ አልነበረም። በሌላውም ቀን አልነበረም። ቡናዬ ቡና ቡና ብቻ ሸተተኝ፤ መስኮቴን ከፍቼ ብቆይም ምንም አልመጣም። ይህን ያህል ዓመት ስመኘው የኖርኩት ንጹሕ አየር ይኸው ነው፤ አስጠላኝ። ዓርብ ሆነ፣ ማንም አልመጣም። ከዚያ ወዲያ አልቻልኩም፣ በጓሮ በር ገባሁ።

እሳቸው ገንዳው ዳር ተቀምጠዋል። ቁልፉ እንዳለ ሥሩ ላይ ተጋድሟል።

«ቁልፍዎን አያወጡትም?»

«በዚህ ዳሌ?»

«ታዲያ ባለሙያ ይጥሩ እንጂ።»

ቀና ብለው አዩኝ። ሰምቻቸው እንደነበር ገባቸው። እኔ ጫማዬን አወለቅሁ። የዓሣ አጥማጅ ልጅ ነኝ፤ ከመራመዴ በፊት ነው የዋኘሁት፣ ምንም እንኳ ባሕሩን ከባሌ ሞት ወዲህ ባልነካውም። ከነቀሚሴ ዘልዬ ገባሁ። «ላላ ኑዝሃ! እግርዎን ሳይታጠቡ!» የሚለው ጩኸት ውሃ ውስጥ ድረስ ተከተለኝ።

እታች ዓይኔን ገለጥኩ። ያ ሁሉ ፍተጋ፣ ያ ሁሉ ማታ ማታ ጀሪካን ታቅፎ መጠበቅ እዚያ ነበር። ሰማያዊው ንጣፍ አንድ በአንድ ይታያል፤ ብርሃኑ ሥሩ ድረስ ወርዶ ይጫወታል። ዘንድሮ ይህን ከእኔ በቀር ያየው ሰው የለም። ቁልፉን አንስቼ ወጣሁ።

«እንዴት ነው?» አሉ ጎንበስ ብለው።

«ጠርቷል።»

«ምን ያህል?»

«ከሥር ሆኜ እርስዎን አየሁዎት፣ ሲ ቡራዊ። የሸሚዝዎ ቁልፍ ተዛንፏል።»

ደረታቸውን ዳሰሱና አስተካከሉ። በሩን የሚከፍተውን ልሰጣቸው እጄን ዘረጋሁ። አልተቀበሉኝም።

«እርስዎ ጋ ይቀመጥ» አሉ። «እኔ ሌላ አለኝ። አንድ ቀን ብወድቅ... በሩ እንደተቆለፈ ብወድቅ፣ ማን ይከፍታል? ሊዮን ያለ ቁልፍ ምን ያደርግልኛል?»

ውሃ እያንጠባጠብኩ እጄን አነሣሁና «ቤቱ ተከፈተ» አልኩ።

«አሁን ይውጡ» አሉ ዓይናቸውን ወዲያ አድርገው፣ «ውሃዬን አቆሸሹት።» ብልቃጧን ከወንበሩ ሥር አነሷት።

ቀሚሴ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ወጥቷል፤ ቢሆንም እለብሰዋለሁ። ቁልፉ ከበሬ አጠገብ ምስማር ላይ ተንጠልጥሏል። ጠዋት መስኮት ስከፍት መጀመሪያ አሸታለሁ። በረኪና ከሸተተኝ ቡናዬን አፈላለሁ። ያልሸተተኝ ቀን ያንን ቁልፍ ይዤ እሮጣለሁ። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን ሳይሸተኝ አልቀረም፣ ተመስገን።