አምስት መቶ በመቶ ተሻሽያለሁ

ስሚ የኔ ቆንጆ፣ ከዛሬ ጀምሮ ስታወሪኝ ረጋ በይ፤ ከምስጉን ሠራተኛ ጋር ነው የምታወሪው። አትሳቂ! በደብዳቤ፣ በማኅተም ነው።

ክሊኒኩ ካርድ ክፍል ከገባሁ ገና ወር አልሞላኝም። ሥራዬ የታካሚ ካርድ ከመደርደሪያ ፈልጎ ማውጣት ነው። የመጀመሪያ ቀን ሁለት አወጣሁ። አንዱ የሌላ ሰው ነበር።

አጠገቤ እትዬ አሉ፤ ሃያ ዓመት እዚያው መስኮት ላይ። ሰው ስሙን ጠርቶ ሳይጨርስ ካርዱ እጃቸው ላይ ነው። በቀን ዘጠና ያወጣሉ፣ መነጽራቸውን እንኳ ሳያደርጉ።

ታዲያ አርቆ አሳቢው ሥራ አስኪያጃችን «የሰው ኃይል ልማት የተቋማችን የጀርባ አጥንት ነው» ብሎ ሁለት ቀን ሙሉ ካርድ አወጣጥ አሠለጠነን። ያኔ መስኮቱ ተዘጋ። ታማሚው ውጪ ፀሐይ ላይ ቆሞ ጠበቀን፤ ለራሱ ጥቅም አይደል?

ከሥልጠናው በኋላ ተለካን። እኔ ከሁለት ወደ አሥራ ሁለት፣ አምስት መቶ በመቶ! እርግጥ አንድ ሽማግሌ የነፍሰ ጡር ካርድ ሰጥቻቸው፣ ሐኪሙ ቀና ሳይል «ስንተኛ ወርዎ ነው?» ብሏቸዋል። ግን ቅጹ ላይ «ትክክለኛ ካርድ» የሚል ሳጥን የለም፣ ምን ላድርግ?

እትዬስ? ከዘጠና ወደ ዘጠና። ወዲያው እሳቸውም እኔም ኮሚቴው ፊት ተጠራን፤ ጠያቂው ሥራ አስኪያጁ ነው።

«እትዬ፣ ሥልጠናው ምን ለወጠልዎት?»

«ወገቤን። ወንበሩ ይቆረቁራል።»

«ዜሮ በመቶ እኮ ነው ያመጡት!»

«ዘጠና ካርድ ነው የኔ ልጅ።»

«ዘጠናውማ የድሮ ነው። እኛ የምንለካው ለውጥ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲባል አልሰሙም?»

የእትዬ ጥፋት ይኸው ነው፤ እንቁላልነታቸውን ሳያስመዘግቡ ዶሮ ሆነው ተገኙ።

ኮሚቴው በሙሉ ድምፅ ወሰነ፦ ከሰኞ ጀምሮ እትዬ መስኮቱን ለቀው ሦስት ወር ይሠለጥናሉ፤ ካልተሻሻሉ ይሰናበታሉ። መስኮቱ ላይ የምቀመጠው እኔ ነኝ፣ ለብቻዬ። በጭብጨባ ጸደቀ።

እትዬ አልተቆጡም። ስንወጣ እጄን ያዝ አድርገው «እንኳን ደስ ያለሽ ልጄ። የስኳር በሽተኞቹ ታችኛው መደርደሪያ ላይ ናቸው፤ እነሱን አታቁሚያቸው፣ ያዞራቸዋል» አሉኝ። በሥልጠናው ሁለት ቀን ይኼን ማንም አልነገረኝም።

ያው ደስታ ለብቻ አይበላም፣ አብራን ለተማረችው ጓደኛችን ደወልኩላት። እናቷ ስኳር አለባቸው፣ እኛ ጋ ነው የሚታከሙት፣ ቀጠሯቸውም ሰኞ ነው። ሁሉንም፣ ሹመቴንም፣ ሽማግሌውንም ነገርኳት። እልል ትላለች ብዬ ስጠብቅ፣ ቃል በቃል እንዲህ አለችኝ፦

«በናትሽ ቀጠሮውን ወደ ዓርብ አምጪልኝ፤ እናቴን ያልተሻሻሉት ሴትዮ ያስተናግዷት።»