መምህር ይታያል ስድስት ሰዓት ቀድመው ሞጣ የደረሱበት ዜና

ንጽሐፍ እንከ ዜናሁ ለመምህር ይታያል። በዓመተ ዓለም በሰባት ሺህ አምስት መቶ ዐሥራ ስምንት፣ በዘመነ ማርቆስ ወንጌላዊ፣ የቢቸናን ልጆች ፊዚክስ ማስተማር በጀመሩ በዐሥራ ዘጠነኛው፣ ያን አንድ መጽሐፋቸውን መጻፍ በጀመሩ በዐሥራ ሁለተኛው ዓመት፣ በወርኃ ታኅሣሥ መጨረሻ፣ የጠመኔ አርበኛ፣ የጊዜ መርማሪ፣ በሰልፍ ላይ ሞገሳቸው የሚያስፈራ ጌታችን መምህር ይታያል ወደ ሞጣ ዘመቱ። ይህን የጻፍሁ እኔ የትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ስርጉት ነኝ። ስንቁንም የተሸከምሁ እኔ ነኝ፤ ይህም ይታወቅልኝ።

የዘመቻውም ምክንያት እንዲህ ነው። መጽሐፉ ገና ወደ ፊት፣ በ2090 ዓ.ም. ስለሚኖር ስጦታው ስለሚባል የቢቸና ሰው ይተርካል። የስጦታው ቅድመ አያት ሙግት ወዳድ ነበርና በአንድ የወሰን ድንጋይ የጀመረው ክርክር ለልጅ ልጅ ተርፎ ስጦታውን አንገሸገሸው። ስለዚህ በጊዜ ውስጥ የሚመላለስ መኪና ከውጭ አገር አስመጥቶ፣ ወደ 1950 ዓ.ም. ተመልሶ፣ የቅድመ አያቱን ሰርግ ሊያስቀር፣ ነገረኛውንም ዘር ከሥሩ ሊነቅል ተነሣ።

ረቂቁን የሞጣዋ የማተሚያ ቤት ባለቤት፣ ወረቀት የሚታዘዝላቸው ወይዘሮ ሳቢራ ባነበቡት ጊዜ ይህን አዋጅ በስልክ ጽፈው ሰደዱ፦ «መምህር፣ ሰርጉ ከቀረ ስጦታው አይወለድም። ካልተወለደ ማን ሄዶ አስቀረው? ማንም ካልሄደ ደግሞ ሰርጉ ይሆናል፣ ልጁም ይወለዳል፣ ተነሥቶም ይሄዳል። ራሴን አዞረኝ እኮ! ይህ ቀዳዳ ሳይደፈን አላትምም። እስከ ቅዳሜ 9:00 መልስ ይዘው ይምጡ። ከዚያ ማሽኑ የጥር ሰርግ ካርድ ላይ ይወጣል፤ እስከ ክረምት አይወርድም።»

ወእምዝ ቅኔ ቤት ያደገው የሒሳብ መምህር አካለ ወልድ ለምክር ተጠራ። እርሱም ጊዜ እንደ ዋርካ ቅርንጫፍ ያወጣል፣ ስጦታው በአንዱ ቅርንጫፍ ይወለዳል፣ በሌላው አይወለድም፣ ማንም ከማንም አይጣላም ብሎ መከረ፤ ምክሩም ተላከ። ወይዘሮ ሳቢራ ሳይውሉ ሳያድሩ መለሱ፦ «ሁለት ሞጣ ካለች በዚያችኛዋ ያለችው ሳቢራ ታትምልዎ! እኔ ያለኝ አንድ ማሽን ነው።»

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ጌታችን ተነሡ። የመምህር ይታያል ስልክ በፈረንጅ ሰዓት ይቆጥራልና፣ ሳይንስ በሌላ አይቆጥርም ብለውም ከወጣትነታቸው ጀምሮ ምለዋልና፣ 9:00 ማለት ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው ብለው ቆርጠው ነበር። በሚኒባሱም በቀኛቸው አካለ ወልድ፣ በግራቸው እኔ ከነዳቦዬ፣ በስተ ኋላቸው ጃንጥላ የያዙ ሁለት ቄሶች፣ ሽንኩርት ያቀፈች ሀብትነሽ የምትባል ነጋዴ፣ ከጣሪያውም ላይ አራት የታሰሩ በጎች ተከተሏቸው፤ ከበጎቹም በቀር ሁሉ ስለ ስጦታው መወለድና አለመወለድ ተሟገተ። በደብረ ወርቅ አለፉ፤ ጎማ ቢተነፍስ ጉንደ ወይን ላይ ጥቂት ሰፈሩ፤ ከዚያም ገስግሰው ሞጣ ገቡ። ከማተሚያ ቤቱ በር ሲደርሱ ሦስት ሰዓት ከዐሥር ሆኖ ነበር፤ በሩም በትልቅ ቁልፍ ተዘግቶ ነበር።

ጌታችንም በደረጃው ላይ ተቀመጡ። ዐሥራ ሁለት ዓመት የደከሙበት ነገር በዐሥር ደቂቃ እንዳመለጣቸው ባሰቡ ጊዜ ዐይናቸው እንባ ሞላ፤ መልሱም ገና አልተገኘም ነበር። እኔም አብሬ አለቀስሁ፤ ዳቦውንም ማንም አልቀመሰው።

ያን ጊዜ አካለ ወልድ ከበሩ ላይ የተለጠፈ አዋጅ አየ፦ «ቅዳሜ ጠዋት ዝግ ነው። በዘጠኝ ሰዓት እከፍታለሁ። ሳቢራ።»

መምህር ይታያል ስልካቸውን አዩ፣ በሩን አዩ፣ እንደገና ስልካቸውን አዩ፤ ስድስት ሰዓትም ቀድመው እንደ መጡ አወቁ። ብድግ ብለውም በመንገዱ መካከል እንዲህ ብለው ዐወጁ፦ «ያገሬ ሰው ስማ! የስጦታው መኪና የፈረንጅ ናት! እርሱ 1950 ብሎ የጻፈላት በእኛ ቁጥር ነው፤ እርሷ ግን በፈረንጅ ቆጠረችው። ከሰርጉ ሰባት ዓመት ቀድሞ ደረሰ! ተቀምጦ ከመጠበቅ በቀር ምን ያደርጋል?»

ከዚያም ዳቦ በአንድ እጃቸው፣ ብዕር በአንድ እጃቸው ይዘው በተማሪ ፈተና ወረቀት ጀርባ ጻፉ። ስጦታው ሰርጉን ሊያስቀር ሰባት ዓመት ጠበቀ፤ ሲጠብቅም ከቅድመ አያቱ አጠገብ ጎጆ ቀለሰ። ያ ነገረኛ ጎረቤት ሲታመም አስታመመው፣ ለአጨዳም ደቦ ወጣለት፣ ገበታም አብሮት ቆረሰ፤ ሳያስበውም ወደደው። ቀኑ በደረሰ ጊዜ ጎረቤቱ ሽማግሌ ሆነህ ልጅቱን ጠይቅልኝ ብሎ ለመነው። ስጦታውም እንቢ ማለት አቃተው፤ ነጠላውን አጣፍቶ ሄደ፣ ከልጅቱ አባት ደጅ ቆመ፣ ጠየቀ፣ ተፈቀደለትም።

ወኮነ በተስዓቱ ሰዓት፣ ማለትም በዘጠኝ ሰዓት፣ ወይዘሮ ሳቢራ በሩን ከፈቱ፣ ቆመውም አነበቡ። ከዚያ የመጽሐፉን የመጀመሪያ ምዕራፍ ገለጡ፤ በዚያም የስጦታውን ቅድመ አያት የዳረ፣ ከየት እንደ መጣ ያልታወቀ፣ ስሙ ያልተጻፈ አንድ ሽማግሌ ነበረ። መምህር ይታያል ከዐሥራ ሁለት ዓመት በፊት ለምን እንደሆነ ሳያውቁ የጻፉት ነው። ወይዘሮ ሳቢራም በነጠላቸው ጫፍ ዐይናቸውን ጠርገው ዐወጁ፦ «የጥር ሰርግ ካርድ ያዘዛችሁ ሁሉ ታገሡ! ይህም ሰርግ ነው፤ እንዲያውም መቶ ዐርባ ዓመት የተጠበቀ። ወረቀት አምጡ!»

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ። ጌታችን ግን ቸኩለው አፈሰሱ፣ የለቀሙትም መጽሐፍ ሆነ። ሌሎች አገር ያዙ፣ ግንብ አፈረሱ፤ መምህር ይታያል አንድ ሰርግ ከመፍረስ፣ አንድ ሰው ካለመወለድ አዳኑ። ስለዚህ እኔ ስርጉት በተሰጠኝ ሥልጣን፣ ማለትም በቤተ መጻሕፍቱ ቁልፍ፣ ይህን ዐውጃለሁ፦ ያን ስልክ ማንም እንዳያስተካክለው!