የጭስ ላብ ማርከሻ

ባሕር ማዶ ልጅ ያላችሁ ሰዎች ይህን ታውቁታላችሁ፤ መጀመሪያ ድምፅ ይመጣል፣ ቀጥሎ ፎቶ፣ ከዚያ ጫማ፣ ከዚያ ብርድ ልብስ። ልጁ ራሱ ግን ከዕቃው ሁሉ ኋላ ተሰልፎ ይቀራል። ለመንዝ ሰው ብርድ ልብስ መላክስ ምን የሚሉት ነው? እኛ በግ የምናረባው ለጌጥ ይመስል። እናት ግን ትቀበላለች፣ አጣጥፋ ታስቀምጣለች፣ «ደርሶኛል፣ እግዜር ይስጥሽ» ትላለች። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ የምትለውን አልጽፈውም።

የእኔዋ ልጅ ሕይወት ከዚህ ሁሉ የባሰ ነገር ላከች። ቦይለር። በሄደችበት አገር ሙያዋ የቤት ማሞቂያ መጠገን ነው፤ እዚህ ሞላሌ ሳለች ደግሞ በጥቅምት ውርጭ ገላዋን በቀዝቃዛ ውሃ ስትታጠብ የምታሰማው ጩኸት ለሰፈሩ ደወል ነበር። «ስመጣ በሙቅ ውሃ ነው የምታጠበው፣ እማዬ» ብላ በሰው ኮንቴይነር ሰደደችው። እኔ ከቃሏ ውስጥ የሰማሁት «ስመጣ» የሚለውን ብቻ ነው። ሌላውን የቧንቧ ሠራተኛው ይስማው።

ሠራተኛው ከደብረ ብርሃን መጥቶ ገጠመው። በሲሊንደር ጋዝ ይሠራል። ታዲያ ይህ ቦይለር እንደ ሌሎቹ አይደለም፤ ቋጣሪ ነው። የጋዙ ጭስ ሙቀቱን ይዞ እንዲያመልጥ አይፈቅድለትም፤ እስከ መጨረሻው ይመጥጠዋል፤ ጭሱም ብርድ ሲይዘው ያልበዋል። ላቡ በቀጭን ቱቦ ጠብ ጠብ ይላል። ውሃ ይመስላል፣ ግን ኮምጣጣ ነው፤ ዝም ብለው ቢለቁት የቦዩን ሲሚንቶ እየበላ ይሄዳል። ስለዚህ ደጅ የተቀመጠ የፕላስቲክ ሳጥን በነጭ የኖራ ድንጋይ ይሞላና ላቡ በድንጋዩ መካከል ሲያልፍ ኮምጣጣነቱን እዚያ ጥሎ ይወጣል። ድንጋዩን ከመርሐቤቴ ቆላ አስመጣሁ። የእኛ የደጋው ጥቁር ነው፣ ለዚህ አይረባም።

«ይህ ሳጥን ምን ይባላል?» አልሁት።

ሠራተኛው ትንሽ አሰበና «ማርከሻ ይበሉት» አለኝ።

አንዲት ቃል አጥር ስትዘል አይታችሁ ታውቃላችሁ? ጎረቤቴ እትዬ ማሚቴ ከአጥሩ ማዶ ልብስ እያሰጡ ነበር። እስከ እሑድ ድረስ ሞላሌ ሁሉ አወቀ፤ ሕይወት አገሯን እንድትረሳ መተት ተደርጎባታል፤ እናቷም ከቆላ ነጭ ድንጋይ አስመጥታ፣ ጠዋት ጠዋት ውሃ እያንጠባጠበችበት መተቱን ታፈርሳለች። ከቅዳሴ ስንወጣ የነፍስ አባቴ መምሬ ተክሌ ለብቻ ነጠል አደረጉኝ።

«ልጄ፣ ማርከሻ ታደርጊያለሽ ይላሉ።»

«አደርጋለሁ፣ አባቴ። ለውሃው ነው።»

«ውሃው ምን ሆኖ?»

«ኮምጥጦ።»

ቤት ድረስ መጥተው አዩ። ቱቦውን አዩ፣ ድንጋዩን አዩ፣ መስቀላቸውን ወደ ኪሳቸው መለሱ። ሲወጡ ግን በሩ ላይ ቆም አሉና «ሕይወትስ መቼ ትመጣለች?» አሉኝ። የቦይለሩን መመሪያ ከመዝገበ ቃላት ጋር እየታገልሁ ከዳር እስከ ዳር አንብቤዋለሁ። እዚያ ውስጥ ይህ አልተጻፈም።

በስልክ ለሕይወት ስነግራት ሳቀች፤ ብዙ ሳቀች። ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለ። «ድንጋዩ እኮ እየሟሟ ይሄዳል፣ እማዬ። ሲጎድል አንቺ እንዳትነኪው። ራሴ መጥቼ እሞላዋለሁ።»

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ስነሣ መጀመሪያ የምከፍተው የሳጥኑን ክዳን ነው። በሙቅ ውሃ የምታጠበውም ለንጽሕና ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ቦይለሩ በሠራ ቁጥር ላቡ ይበዛል፣ ላቡ በበዛ ቁጥር ድንጋዩ ይሟሟል። በመንዝ እንደ እኔ የጸዳ ሰው የለም። ድንጋዩ ግን ልበ ደንዳና ሆነብኝ።

ባለፈው ሳምንት እትዬ ማሚቴ በጓሮ በር መጡ። ልጃቸው ዐረብ አገር ከሄደ ቆይቷል፤ ስልኩ ከጠፋም ሰንብቷል። ወሬውን ሞላሌ ያዳረሱት እሳቸው መሆናቸውን አውቃለሁ፤ ማወቄንም ያውቃሉ።

«እታለም» አሉኝ መሬት መሬት እያዩ፣ «ከዚያ ድንጋይ ለእኔም አንድ ፍሬ አትሰጪኝም?»

ምላሴ ሊያስረዳ ተነሥቶ ነበር፤ ስለ ጭሱ፣ ስለ ላቡ፣ ስለ ሲሚንቶው። ለአንድ ወር የሚበቃ ነገር ምላሴ ላይ ተደርድሮ ነበር። ግን ቀና ሲሉ ዓይናቸውን አየሁት። ጠዋት ጠዋት በመስተዋት የማየው ዓይን ነው።

ክዳኑን ከፈትሁ። «አንድማ ምን ያደርግልዎታል፣ እትዬ» ብዬ በእፍኜ አፈስሁና በነጠላቸው ጫፍ ቋጠርሁላቸው። ደገምሁም።

«እግዜር ያምጣልሽ» አሉኝ።

«አሜን፣ ለእርስዎም» አልሁና ጎንበስ ብዬ ሳጥኑን አየሁት። ደህና አድርጎ ጎድሏል።