የብሬቃን ንፋስ ልከላከል ብዬ የሰፋሁት ጉድ

የሰርቪስ ወንበሬን ቀሙኝ። ሰባት ዓመት የተቀመጥኩባትን! የበረዶ ፋብሪካችን አለቃ ለሚስቱ ወንድም ሰጣትና እኔን "አንተ ብስክሌት አለህ" አለኝ።

ዛሬ የሆንኩትን ስትሰሙ ግን የምትስቁት በእኔ ነው። ሳቁ፣ ለምጄዋለሁ። ፊደል የቆጠርኩት በአርባ ዓመቴ ስለሆነ ስህተት ካያችሁም ዝም ብላችሁ እለፉ።

"ኤደን ደግሞ ምን ብርድ አለ?" የምትሉ ትኖራላችሁ። በጥር፣ ጎህ ሲቀድ፣ ከሰፈሬ ከዳር ሰዓድ እስከ ፋብሪካው፣ እስከ ብሬቃ፣ በባሕሩ ዳር ፔዳል ምቱና እናወራለን!

ጃኬት አልገዛም አልኩ። ለብስክሌት የሚሆን የብርድ መከላከያ ልብስ እቤት ካለ ነገር እንዴት እንደሚሠራ ፌስቡክ ላይ አነበብኩ። ራሴ! ሁለት ቀን ፈጀብኝ።

የሩዝ ጆንያ ቀድጄና ሰፍቼ ከውስጥ ለበስኩ። ከላይ የባለቤቴን የዘሀራን አሮጌ አባያ ጉልበቱ ላይ ቆርጬ ደረብኩ። ጥቁር ጓንቷን አጠለቅኩ። ፊቴን በኒቃቧ ሸፈንኩ።

ገባችሁ አይደል? እኔ አልገባኝም።

ዘሀራ በር ላይ ከላይ እስከ ታች አየችኝና፣ "ኧረ እንድሪስ፣ ቢያንስ ጺምህን አውጣው" አለች። ምቀኝነት መሰለኝ።

መንገድ አጋማሽ ላይ ንፋሱ ገፍቶ አሸዋ ላይ ጣለኝ። ከኋላ የመጣ መኪና ቆመ።

የእኛው ሰርቪስ!

ሹፌሩ ዓሚ ሳሊህ ወርዶ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ "እህቴ፣ በዚህ ንፋስ ብቻሽን? ነይ ግቢ" አለኝና ብስክሌቴን ጣሪያ ላይ ጫነ።

ልናገር ነበር። ወላሂ ልናገር ነበር!

ግን የአለቃው አማች ብድግ ብሎ ወንበሬን ለቀቀ። እዚህ አገር ሴት ቆማ ወንድ አይቀመጥም። እኔም ቁጭ አልኩ። ወንዶቹ በሙሉ ፊታቸውን ወደ መስኮት አዞሩልኝ። እንዲህ ተከብሬ አላውቅም።

ፋብሪካው በር ላይ አለቃው ሰርቪሱ ውስጥ ገብቶ ስም መጥራት ጀመረ። በብስክሌቱ ሰበብ ሁለቴ አርፍጃለሁ። ሦስተኛው ስንብት ነው።

"እንድሪስ... እንድሪስ የለም?" ብዕሩን አነሳ።

"ሃዲር! አለሁ!" አልኩ። ከኒቃብ ውስጥ፣ በዚህ በሬ ድምፄ።

ሁሉም ከመስኮቱ ወደ እኔ ዞሩ።

መጀመሪያ የሳቀው አማቹ ነው። ዓሚ ሳሊህ መሪው ላይ ተደፋ። እሱ እህቴ ብሎ ያሳፈረውን ሰው ነገ መንገድ ላይ እንደማይተው ለአለቃው ነገረው። አለቃው እንባውን እየጠረገ፣ "በቃ፣ ወንበሩ ያንቺ ነው" አለኝ።

ሦስት ሳምንት እንደ ወንድ ለምኜ የተከለከልኩትን በግማሽ ሰዓት ሴትነት አገኘሁት። አሁን ልደሰት ወይስ ልናደድ?

ነገሩ የተቋጨው ዛሬ እሑድ፣ የረጀብ ወር በገባ በሁለተኛው ቀን ነው።