ኮረሪማ ጠባቂው አቶ አዴሎ

በየመንደሩ የሁላችንንም ጭንቀት ብቻውን የሚሸከም አንድ ሰው አይጠፋም። ደመና ካየ በረዶ ነው፤ ዶሮ ከጮኸች ጭልፊት ነው። ልጁ ስልክ ከደወለ ሰው ሞቷል፤ ካልደወለም ሞቷል። ከቦንጋ ወረድ ብሎ ባለው የእኛ ሰፈር ይህ ከባድ ሹመት የክቡር አቶ አዴሎ ነው። "ኋላ ወዮ እንዳንል" ይላሉ፣ ገና ወዮ የሚያሰኝ ነገር ሳይመጣ።

ባለፈው ዓመት ግን ጭንቀታቸው እውነተኛ ምክንያት አገኘ። ጓሯቸው ያለው ትልቅ ዋንዛ በነፋስ ወደቀና ሥሩ ከነበረው ኮረሪማ ግማሹን ጨፈለቀው። ጥላ ያጣውን ሌላውን ግማሽ ፀሐይ ጨረሰው። ኮረሪማውን የተከሉት ባለቤታቸው ወይዘሮ አየለች ነበሩ፤ እሳቸውም ካረፉ ቆይተዋል።

"ጋሼ፣ ከእኛ ጓሮ ሥሩን ገምሰው ይውሰዱና ይትከሉ" አልኳቸው። እዚህ ሁሉም ሰው ኮረሪማ የሚተክለው እንዲያ ነው። ከዘር ላብቅል ማለት ሥራ መፍታት ነው።

"የእናንተ የእናንተ ነው" አሉኝ። "እኔ የአየለችን ነው የምፈልገው።"

ስለዚህ ወይዘሮ አየለች በክር ሰክተው ከምድጃው በላይ ሰቅለውት የሄዱትን ኮረሪማ አወረዱ፤ ፈልፍለው ዘሩት። ክረምቱን ሙሉ ጠበቁ። ዶሮዎቹን አሰሩ። ጦጣ እንዳይደርስ የራሳቸውን ካፖርት ያለበሱት ማስፈራሪያ አቆሙና በማግስቱ ራሳቸው ሲያዩት ደነገጡ። ምንም አልበቀለም። ነገሩን ያፈረጡት ጎረቤታችን ወይዘሮ ዝናሽ ናቸው።

"አቶ አዴሎ፣ ይሄን ሁሉ ዘመን ጭስ የጠጣ ፍሬ ለወጥ እንጂ ለዘር ይሆናል እንዴ?"

እኛም ሳቃችንን ዋጥን።

ደግነቱ ወይዘሮ ዝናሽ አፋቸው እንጂ ልባቸው ክፉ አይደለም። ከወደቀው ዋንዛ ማገዶ ሲለቅሙ ቅርንጫፉ የከለለው አንድ የኮረሪማ አገዳ አገኙ። ሥሩ በስብሷል፤ ከግርጌው ግን አንድ ቀይ ፍሬ ቀርቶ ነበር። በነጠላቸው ጠቅልለው ወሰዱላቸው። ከዚህ በኋላ የወይዘሮ አየለች ኮረሪማ በምድር ላይ ይህችው ብቻ ናት።

አቶ አዴሎ ፍሬዋን ከፍተው ጣፋጩን ሥጋ ከዘሩ ላይ አጠቡ፤ ከጫካ ባመጡት አፈር በተሞላ አሮጌ ማሰሮ ዘሩት። የሰፈሩም ሰላም ያን ቀን አበቃ። ዝናብ ሲመጣ ማሰሮው ቤት ይገባል፤ ፀሐይ ስትወጣ የእንሰት ቅጠል ይለብሳል። አጠገቡ ያሳለ ሰው ይገሠጻል። እሳቸው ግን ጠዋት ጠዋት አፈሩን በጣታቸው ገለጥ አድርገው ያያሉ።

"አልነቃም" ይሉኛል በሹክሹክታ።

"የተኛን ሕፃን እየቀሰቀሱ ተኝተሃል ወይ ይሉታል?" ይላሉ ወይዘሮ ዝናሽ ካጥር ወዲያ።

"ሞቶ እንደሆነስ በምን አውቃለሁ?"

ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔም በዚያ ሳልፍ ማሰሮውን ሳላይ ማለፍ አቃተኝ፤ ጭንቀታቸው ተጋባብኝ መሰለኝ።

ወራት አለፉ። አንድ ጠዋት አስጠሩኝ። ማሰሮው ውስጥ ጥቂት ቀጫጭን አረንጓዴ ቅጠሎች ብቅ ብለዋል። ሣርም ይመስላሉ፤ ኮረሪማም ይመስላሉ። አቶ አዴሎ አጠገባቸው ቁጢጥ ብለዋል፤ ፊታቸው አመድ መስሏል። የሚለየው ሽታው ነው። ለማሽተት ደግሞ አንዱን ቅጠል ቀድዶ ማሸት የግድ ነው።

"የእኔ አፍንጫ ያዳላል" አሉ። "አንተ አሽትልኝ። አንተ ታሾፍብኛለህ እንጂ አታዝንልኝም።"

የቅጠል ጫፍ ቀደው ሰጡኝ። እውነቱን ልናገር፦ ሣር ሣር ቢሸተኝ እንኳ ኮረሪማ ነው ልላቸው ቆርጬ ነበር። በጣቶቼ አሸሁት፤ አፍንጫዬ ላይ አደረግኩት።

"እህ?"

"ኮረሪማ ነው፣ ጋሼ።"

"ለእኔ ብለህ እንዳይሆን።"

"አይደለም።"

"በአየለች አፈር ማልልኝ።"

እውነት ነበረና ማልኩላቸው። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ ምዬ አላውቅም።