የክቡር ሲብረን አቋራጮች

ባሕር ዳርቻ ያለ መንደር ሁሉ አቋራጭ የሚያውቅ አንድ ሰው አያጣም። ቤተ ክርስቲያን የሌለው መንደር አይቻለሁ፤ ዳቦ ቤት የሌለውም አውቃለሁ። «ቆይ፣ ቆይ፣ በዚህ በኩል ያጥራል» የሚል ሰው የሌለበት መንደር ግን እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። በሌላው የሆላንድ ጠረፍ ይህን ዓይነቱን ሰው ምን እንደሚያደርጉት አላውቅም። በእኛ ደሴት ጎረቤቴ ነው።

ስሙ ሲብረን ይባላል። ዕድሜውን ሙሉ የመርከብ ሞተር ሲጠግን ኖሮ ጡረታ ከወጣ ወዲህ፣ ራሱን የአሸዋ ኮረብቶች ሁሉ የበላይ፣ የእግርና የብስክሌት መንገዶች ሊቀ ሊቃውንት አድርጎ ሾሟል። ሹመቱን ያጸደቀለት የለም። የተቃወመውም የለም፤ ሊቃወም የሄደውን ሁሉ በአቋራጭ እየወሰደው ማን ተመልሶ ይቃወም?

መንገድ ለመሳት እኮ እኛ ደሴት ላይ ትጋት ይጠይቃል። የተፈጥሮ ፓርኩ ከመንደራችን ጫፍ ይጀምርና እስከ ምሥራቁ ዳርቻ ይዘልቃል። አስፋልት የለበሰው የብስክሌት መንገድ አለ፤ በተፈጨ ዛጎል የተነጠፈው ነጩ መንገድ አለ፤ በኮረብቶቹ መሐል የሚጠማዘዝ የእግር መንገድም አለ። በየመገናኛው ቁጥር የተጻፈበት ምሰሶ ቆሟል። ሕፃን ልጅ ቁጥሩን እየተከተለ ዞሮ ቤቱ ይገባል። ክቡር ሲብረን ግን ምሰሶ ባየ ቁጥር ፊቱን ያዞራል። «ቁጥር ለቱሪስት ነው» ይላል። «የተወለድኩበትን አሸዋ በቁጥር ልሂድ?»

አንድ በጋ አንድ የጀርመን ቤተሰብ ለመርከቦች የሚያበራው የመብራት ማማ በየት በኩል እንደሆነ ጠየቀው። ማማው ከቆሙበት ቦታ ይታያል! ጣቱን ቀና ቢያደርግ ይበቃ ነበር። እሱ ግን ጣት መቀሰርን እንደ ስድብ ነው የሚቆጥረው። «ተከተሉኝ፣ አቋራጭ አውቃለሁ» አለና ፊት ፊት ሄደ። አባትየው በአንድ ትከሻው ልጁን፣ በሌላው ብስክሌቱን ተሸክሞ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ማንም የማይደርስበት ባሕር ዳርቻ ላይ ወጡ። ልጆቹ ልብሳቸውን ጥለው ውሃው ውስጥ ገቡ። ከዚያ ወዲህ ያ ቤተሰብ በየበጋው ይመጣል፤ ሲብረንን ፈልጎ አብሮት ይወጣል። የመብራት ማማውን እስካሁን በቅርብ አላዩትም።

የቤተ ክርስቲያናችንን መዘምራን ይዞ የወጣ ጊዜ ደግሞ መንገዱ እሾሃማ ቁጥቋጦ ውስጥ ገብቶ አለቀ። ወደ ኋላ ሲመለሱ ረግረግ ሆነባቸው። የመዘምራኑ መሪ የተከበሩ ሴት ናቸው፤ አንድ ጫማቸው ጭቃ ውስጥ ቀረ። ሁሉም ሲብረን ላይ አፈጠጡ።

«አምና እዚህ ጋ መንገድ ነበር» አለ ያለ ምንም ኀፍረት። «እኔ አልተሳሳትኩም። ኮረብታው ነው የሄደው።»

ክፋቱ፣ እውነቱን ነው። የእኛ ኮረብቶች አሸዋ ናቸው፤ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ትንሽ ትንሽ ይሄዳሉ። መቼም በዓለም ላይ ጥፋቱን በተራራ አላክኮ የሚረታ ሰው እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ከሲብረን ጋር የማትታረቀው የፓርኩ ጠባቂ ናት። ዊፕኬ ትባላለች፤ በልጅነቷ ባሌ አስተምሯታል። ወፎች በሚፈለፍሉበት ወራት ከመንገድ መውጣት ክልክል ነው፤ እሷም በዚህ ላይ ቀልድ አታውቅም። አንድ ቀን እኔ እያለሁ ያዘችው።

«አጎቴ ሲብረን፣ ምልክቱ አይታይዎትም?»

«የቱ ምልክት?»

«የተደገፉት።»

ዞር ብሎ አየው። ባርኔጣውን አወለቀ። «እኔን እኮ ወፎቹ ያውቁኛል፣ የኔ ልጅ።»

«እነሱማ ናቸው የጠሩኝ» አለችው። «ጩኸታቸው እስከ ቢሮዬ ይሰማል።»

ይህ ሁሉ ሳቅ ነበር። እኛ ቤት ግን ሳቅ ከጠፋ ሰንብቷል።

ባሌ ዶዌ የደሴቱ ትምህርት ቤት መምህር ነበር። በየጸደዩ ተማሪዎቹን በብስክሌት አሰልፎ በእነዚህ መንገዶች ይወስዳቸው ነበር። ከዚያ ዓይኑ ታመመ። ሐኪሞቹ የሚድን አይደለም አሉን። ፊት ለፊቱ ያለው ሁሉ ጠፋና ዳር ዳሩ ላይ ጥላ ጥላ ብቻ ቀረለት። መጀመሪያ ብስክሌቱን ተወ፤ ቀጥሎ የእግር ጉዞውን፤ በመጨረሻ ግቢውንም ተወው። ወንበሩን ጀርባውን ለመስኮቱ ሰጥቶ ተቀመጠ። ክንድ ለክንድ ተያይዘን እንውጣ ስለው፣ «ሪክስት፣ እባክሽ እንደ ሻንጣ አትጎትቺኝ» አለኝ። ወዳጆቻችን መጡ፤ ለቅሶ ቤት የገቡ ይመስል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አጽናኑት። እሱም በትሕትና አመሰገናቸው። እየቆየ እኔንም በትሕትና ማመስገን ጀመረ። ከዚህ የባሰ ምን አለ?

እንዲህ እንዳለን፣ በግንቦት አንድ ጠዋት ደጃችን ላይ የብስክሌት ደወል አላስቀምጥ አለን። ብቅ ስል ሲብረን ነው። ለሁለት ሰው የሚሆን ረጅም ብስክሌት ይዟል።

«ዶዌ! ውጣ!»

«አላይም» አለ ባሌ ከውስጥ።

«እይ ማን አለህ? ፔዳል ምታ ነው ያልኩህ!»

«ወዴት ልትወስደኝ?»

«ወደ ምሥራቅ ዳርቻ። አቋራጭ አውቃለሁ።»

ያን ጊዜ ባሌ ሳቀ። ሳቁን ረስቼው ስለነበር ደነገጥኩ። ግድግዳውን እየዳሰሰ በሩ ላይ መጣ። «አንተ ፊት ተቀምጠህ? ከእኔ የባስክ ዕውር እኮ አንተ ነህ!»

«ወጥተን እንተያያ!»

«ሲብረን» አልኩት፣ ጃኬቱን ይዤ፣ «በአስፋልቱ ብቻ። ማልልኝ።»

«እናቴን!» አለ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ። እናቱ ነፍሳቸውን ይማር፤ እንደ እሳቸው በሐሰት የተማለባቸው ሰው በደሴቱ ላይ የለም።

ሄዱ። ቀኑ ሞቃት ነበር፤ ሰማዩ ጥርት ያለ። ከሰዓት በኋላ ግን ከባሕሩ ጉም ተነሣ። በጸደይ እንዲህ ነው፤ ሲመጣ አያስታውቅም። ፀሐዩ ጠፋ፣ ብርዱ ገባ፣ በራፌ ላይ ቆሜ የሲብረንን አጥር ማየት አቃተኝ። ስልኩ ላይ ደወልኩ። በመስኮቱ በኩል ከገዛ ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ሲጮህ ሰማሁት።

ዊፕኬን ጠራሁ። መኪናዋን ይዛ እየበረረች መጣች።

«በየት በኩል ነው የሄዱት?»

«በአስፋልቱ» አልኩ፤ ተያየን። አልሳቀችም።

«የባሕር ሙላት ጀምሯል» አለች ቀስ ብላ። «በምሥራቅ በኩል ረግረጉ መሐል ያሉት ቦዮች ሁሉ ይሞላሉ። ይግቡ።»

መንገዱን ይዛ በዝግታ ነዳች፤ ጥሩምባዋን እያጮኸች። እኔ መስኮቱን ከፍቼ እጣራለሁ። ጉሙ ድምፄን ይውጠዋል። መልስ የለም። አስፋልቱ አለቀ፤ ወርደን በዛጎሉ መንገድ በእግር ቀጠልን። ከፍርሃቴ የተነሣ ለሲብረን የምለውን ስደረድር ነበር፤ በዕድሜዬ ተናግሬ የማላውቃቸው ቃላት ናቸው። ዊፕኬ እጄን ይዛ አለቀቀችም።

ድንገት ቆመች። «ይስሙ።»

ከጉሙ ውስጥ የሁለት ሽማግሎች ጭቅጭቅ መጣ።

«ወደ ግራ ነው እኮ የምልህ!»

«ዝም በል ሲብረን! ባሕሩ በቀኝ ጆሮዬ እስካለ ድረስ ቤታችን ፊት ለፊታችን ነው።»

ዛጎል ተንኮሻኮሸ። መጀመሪያ ባሌ ታየ፤ የብስክሌቱን መሪ ይዞ ራሱን ቀና አድርጎ በእግሩ ይራመዳል። ከኋላው ክቡር ሲብረን እስከ ወገቡ ረጥቦ፣ እናቱን እንዳያጣ ቀሚሷን እንደያዘ ልጅ የኋለኛውን ኮርቻ ጨብጦ ይከተላል።

የሆነውን የነገሩን መኪና ውስጥ ብርድ ልብስ ለብሰው ነው። ሲብረን እንደ ልማዱ ከአስፋልቱ ወጣ። ረግረጉ አጠገብ ሲደርሱ ጉሙ ያዛቸው። ውሃ በቦዩ እየመጣ ጫማቸውን ሲነካ ሲብረን ሮጠ፤ የሮጠው ግን ወደ ውሃው ነበር። እየተንቦጫረቀ ተመልሶ አሸዋው ላይ ዘጭ አለ። «ዶዌ» አለ፣ «ጠፍተናል።» ይህ ቃል ከአፉ ሲወጣ የሰማ ሰው በደሴቱ ላይ አልነበረም።

ዶዌም፣ «ዝም ብለህ ቁም፤ ላዳምጥ» አለው። ትልቁ ባሕር በሰሜን ያጓራል፤ የረግረጉ ወፎች በደቡብ ይንጫጫሉ። መሬቱን በጫማው እየዳሰሰ፣ ለስላሳውን ትቶ ጠጣሩን እየመረጠ፣ ከእግሩ ሥር ዛጎሉ እስኪንኮሻኮሽ ድረስ መራው። ጉም ለእሱ ምኑም አይደለም፤ ስንት ወር ሙሉ ጉም ውስጥ ነው የኖረው።

የደረደርኩት ስድብ ሁሉ ጠፋብኝ። የባሌ ፊት በብርድ ቀልቷል፣ እሾህ ቧጭሮታል።

«ሪክስት» አለኝ እየተንቀጠቀጠ፣ «ይኼን ሰውዬ ይዤው መጣሁ።»

ስንት ወር ልምራህ ሲባል የኖረ ሰው ነው እንግዲህ።

መንደሩ ግን አላርፍ አለ። «ሲብረን እኮ ሆን ብሎ ነው የጠፋው፤ ዶዌ እንዲመራው ብሎ ነው» ተባለ። ዊፕኬ እንኳ ሳትጠረጥር አልቀረችም። እኔም ላመሰግነው ሄድኩ። ግቢው ውስጥ ተቀምጦ የብስክሌቱን ሰንሰለት ዘይት ይቀባል።

«እውነቱን ንገረኝ። ሆን ብለህ ነው?»

ክብሩ ተነካ። «ሆን ብዬ? እኔ? ሪክስት፣ መንገዱ ትክክል ነበር! ጉሙ ነው የተሳሳተው።» ከዚያ ጨርቁን አስቀመጠና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «በጣም ፈርቼ ነበር። ባልሽን ውሃ አስበልቼ በየት በኩል ደጅሽን አልፋለሁ እያልኩ።»

አመንኩት። ተንኮል ነው የሚሉት ክብሩን እየገፈፉት ነው። ብልሆቹማ ሁሉ ቤታችን መጥተው፣ ሻይ ጠጥተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሄደዋል። ዶዌን ከወንበሩ ያስነሣው በሙሉ ልቡ፣ ያለ አንዳች ብልጠት የሚሳሳት ሰው ነው። እንዲህ ያለውን ሰው እግዜር ለየመንደሩ አንዳንድ ያድርስለት።

አሁን በየሳምንቱ ይወጣሉ። ዊፕኬ ሕግ አውጥታላቸዋለች፤ መሪውን ሲብረን ይይዛል፣ መታጠፊያውን ዶዌ ይወስናል። ይጨቃጨቃሉ፣ ይዘገያሉ፣ ጭቃ ለብሰው ይመለሳሉ። የኔ ሰውዬ ወንበሩን ወደ መስኮቱ አዙሮታል፤ ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ ለማወቅ ነው ይላል።

ትናንት የአተር ሾርባ ሠርቼ ጠበቅኋቸው። ቀሩ። ድስቱን በፎጣ ጠቅልዬ የራሴ ብስክሌት ቅርጫት ውስጥ አስቀመጥኩና በዛጎሉ መንገድ ወጣሁ። ነፋሱ ረጋ ብሏል፤ እሾሃማው ቁጥቋጦ አብቧል። ከአንድ ኮረብታ ጀርባ ድምፃቸውን ሰማሁ። አንዲት ወፍ ትጮኻለች፤ ዶዌ ስሟን ይናገራል፤ ሲብረን አይደለችም ብሎ ይከራከራል፤ ሁለቱም ይስቃሉ። ልጠራቸው አፌን ከፈትኩ። ሾርባው ገና ትኩስ ነው፤ ትንሽ ቆይቼ እጠራቸዋለሁ ብዬ አሸዋው ላይ ተቀመጥኩ።