አውራ ዶሮው ያልጮኸለት ፊት

ትናንት ሌሊት በሕልሜ ግድግዳ ላይ ተሰቅዬ አደርኩ።

ግድግዳው የእትዬ ደብሪቱ ሳሎን ነው፤ የእስከዳር እናት። እስከዳርን ለትዳር እንዲጠይቁልኝ ሽማግሌዎች ወደዚያ ቤት የሚሄዱት በነጋታው ነበር፤ እንቅልፍ የወሰደኝም ይህንኑ ሳብሰለስል ነው።

ሳሎኑ ያው ሳሎን ነው። ነዋሪዎቹ ግን ተገለባብጠዋል። ሶፋው ላይ የተቀመጡት ቴሌቪዥኖች ናቸው፤ እግራቸውን አነባብረው ቆሎ እየቆረጠሙ ግድግዳውን ያያሉ። የተሰቀልነው ሰዎቹ ነን። አንዱ እኔ ነኝ፤ ከጎኔ ያለው ደግሞ ያየህይራድ።

ያየህይራድ የእነ እስከዳር ጎረቤት ነው። አብሯት አድጎ አሁን ከእሷ ጋር በአንድ ትምህርት ቤት ያስተምራል። ከደሴ ርቆ ኖሮ አያውቅም። "ምኔም አይደለም" ብላኛለች እስከዳር ራሷ፤ ይህን ስትለኝ ግን ፊቷ በርቶ ነበር። እኔ ደግሞ ባሕር ማዶ ዓመታት ቆጥሬ የተማርኩት ብርሃንን ነው። ኦሌድ የሚሉት ስክሪን አለ፤ እያንዳንዷ ነጥብ በራሷ የምትበራበት። ነጥቦቹ በበሩ ቁጥር ያረጃሉ፤ ባረጁ ቁጥር ይደበዝዛሉ። የእኔ ሙያ እያረጁም ቢሆን ብርሃናቸው እንዳይዋዥቅ ማድረግ ነው። ደሴ ስመለስ አጎቴ "የቴሌቪዥን ዶክተር" ብለው አስተዋወቁኝና ሰፈሩ ሁሉ የተበላሸ ሪሞት ይዞልኝ መጣ። ይሁን እንጂ ፊት ሲበራ አልሳሳትም።

በሕልሜ ሁለታችንም ጥልፍ ጨርቅ ለብሰን ነበር፤ አቧራም ዓይንም እንዳይበላው ተብሎ ቴሌቪዥን የሚለብሰውን ዓይነት። ያየህይራድ ከጨርቁ ሥር ያፏጫል።

"ምን ያስፏጭሃል?" አልኩት።

"ደስ አይልም እንዴ? ሰው ሁሉ ከላይ ሆነህ ሲታይህ?"

"ጨርቅ ለብሰህ ምን ይታይሃል?"

"በቀዳዳው ነዋ!"

የእኔ ጨርቅ ቀዳዳ አልነበረውም። ቀናሁ።

በሩ ተከፈተና ሽማግሌዎች ገቡ፤ እነሱም ቴሌቪዥኖች። ትልቁ ጀርባቸው የተቆለለ አሮጌ ቴሌቪዥን ናቸው፤ ጋቢ ደርበው አንቴናቸውን እንደ ከዘራ ተመርኩዘዋል። ሊናገሩ ሲሉ መጀመሪያ ይንሿሿሉ፣ ድምፁ ኋላ ይመጣል።

"ሽሽሽ... ግድግዳው አንድ ነው" አሉ። "እዚህ የሚጸናውም አንድ ነው። የጸናው የእስከዳር ባል ይሆናል። የወረደው ዕቃ ቤት ይገባል።"

"ዛሬ እንደሚበራ አትንገሩኝ" አሉ እትዬ ደብሪቱ። እሳቸውም ሰፊ ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ሆነው ሻሽ አስረዋል። "ለዛሬማ ክብሪትም ይበራል። ሳይዋዥቅ እስከ መቼ ይበራል? እሱን ንገሩኝ።"

ልቤ ዘለለ። ይህማ የእኔ ጥያቄ ነው! የተመረቅኩበት ጥያቄ! "እኔ ልመልስ" ለማለት አፌን ስከፍት ግን የወጣው የሳሙና ማስታወቂያ ሙዚቃ ነበር።

እስከዳር ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ከተቀመጡት መሃል ሰው ሆና የቀረችው እሷ ብቻ ናት።

"መለኪያው ይግባ" አሉ ሽማግሌው።

መለኪያው አውራ ዶሮ ነበር። ነጭ ጋውን ለብሷል። ጨርቃችን ተገለጠ። ዶሮው ያየህይራድ ፊት ቆመ፤ አንገቱን ሰበቀ፤ ክንፉን አራገበና "ኩኩሉ!" አለ። የነጋ መስሎታል። ሶፋው በጭብጨባ ተናጋ። ከዚያ ወደ እኔ መጣ። አየኝ። በሌላኛው ዓይኑ ደግሞ አየኝ። ከዚያ ጭንቅላቱን ክንፉ ሥር ወሽቆ ተኛ።

"ገና አልነጋም ማለቱ ነው?" አሉ እትዬ ደብሪቱ።

"ደክሞት ይሆናል" አለች እስከዳር። ለእኔ አዝና ነው። ከዶሮው ይልቅ የእሷ ማዘን አመመኝ።

"ደረቱ ላይ ያለውስ ምንድን ነው?" አለ ከሽማግሌዎቹ አንዱ።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። በረዶ ውስጥ የቆመ ባቡር ደረቴ ላይ ታትሟል። አንድ ሥዕል ስክሪን ላይ ብዙ ከቆየ ነጥቦቹ እዚያው ያረጃሉ፤ ሥዕሉ ቢሄድም ጥላው አይለቅም። ከተመለስኩ ጀምሮ በየሄድኩበት የማወራው ስለዚያ ባቡር ነው፤ "እዚያ እኮ በደቂቃው ነው የሚመጣው" እያልኩ። እዚያ ሳለሁ ደግሞ የማወራው ስለ ደሴ ነበር። ያለሁበትን አገር አውርቼ አላውቅም።

እትዬ ደብሪቱ በሪሞት ቀያየሩኝ። ዜና አደረጉኝ፤ ባቡሩ አለ። ድራማ አደረጉኝ፤ ባቡሩ ባልና ሚስቱ መሃል ቆሟል። ኳስ አደረጉኝ፤ በረኛው ባቡሩን ይጠብቃል።

"ሽሽሽ... ልጄ፣ ሙሽራ ነህ ወይስ ተሳፋሪ?" አሉ ሽማግሌው።

ያየህይራድ ሳቀ። ክፋት የሌለበት ሳቅ ነው፤ ያንገበገበኝም እሱ ነው። በእሱ ደረት ላይ ምንም ነገር አይቆይም። ሲያፏጭ ወፍ ይሆናል፣ ሲስቅ የመስከረም ጦሳ ተራራ ይሆናል፣ ዝም ሲል የተማሪዎቹ ፊት በየተራ ያልፍበታል። ምን አለው? ምን ተምሮ? ምን አይቶ?

እንዲህ ስል ግድግዳው መንገድ ሆነ። ኤሌክትሪክ በየቤቱ በር ላይ ተሰልፏል። ቢጫ ጀሪካን ተሸክሞ "እባካችሁ አስገቡኝ፣ ከጠዋት ጀምሮ ቆሜያለሁ" እያለ ይለምናል። ሰዎቹ በመስኮት ብቅ እያሉ "ሲስተም የለም፤ ነገ ና!" ይሉታል።

"ወደ እኔ ና" አልኩት።

"ምን ያህል ልግባ ጌታዬ?"

"ያለህን ሁሉ።"

"አይጎዳዎትም?"

"ይጎዳኛል። የደከመ ነጥብ ላይ ኃይል ብትጨምርበት ብርሃኑ ይመለሳል፤ ግን በዚያው ልክ እርጅናው ይፈጥናል። ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ።"

"ታዲያ ምን ያስቸኩልዎታል?"

"ያየህይራድ በባዶው እየበራ ነው!"

ኤሌክትሪኩ ከንፈሩን መጠጠልኝና ጀሪካኑን በጆሮዬ ገለበጠው።

ግድግዳው ላይ ስመለስ ነድጄ ነበር። ዶሮው ባንኖ ተነሣ፤ አንዴ ጮኸ፣ ደገመ፣ ጉሮሮው እስኪዘጋ ለቀቀው። ቴሌቪዥኖቹ ጥቁር መነጽር አደረጉ። ያየህይራድ አጠገቤ የቀን ኩራዝ መሰለ። እስከዳርም ዞረች። እኔን አየች፤ እኔን ብቻ! እጇን ግንባሯ ላይ ጋርዳ።

"ትንሽ ቀንስ በናትህ" አለች፤ "ዓይኔን አመመኝ።"

"እሱ ሲበራ ያምሻል?"

"እሱ አያምም።"

ጨመርኩ። ከመጨመሬ አንድ ነገር ከውስጤ ሲሄድ ተሰማኝ። ሰማያዊዬ ነው። በእኛ ሙያ ከቀለማት ሁሉ ቀድሞ የሚደክመው ሰማያዊ ነው። ጥርሴ ቢጫ ሆነ። ሸሚዜ ቢጫ ሆነ። ደረቴ ላይ ያለው በረዶ እንኳ ሽሮ መሰለ። ከዚያ ቀዩም አረንጓዴውም ተከታትለው ወረዱ፤ ከመጀመሪያው የባስኩ ድንግዝግዝ ሆኜ ቀረሁ። ዶሮው ትክ ብሎ አየኝና ጋውኑን አውልቆ እንቁላል ልጣል አለ።

"ይውረድ" አሉ ሽማግሌው። መሰላል መጣ።

"ሌላ ዘዴ አለ!" አልኩ። አሁን ድምፄ ወጣልኝ። "ደካማውን ማንሣት ካልተቻለ ብርቱውን ማውረድ ነው። ሁሉም ነጥብ ከደካማው ጋር ይስተካከላል። ያኔ ማን እንደደበዘዘ ማንም አያውቅም።"

"ግፍ አይሆንም?" አሉ እትዬ ደብሪቱ።

"ሙያ ነው።"

ሽማግሌዎቹ አንቴናቸውን አጋጥመው ተንሿሹ። "በአንድ ግድግዳ ላይ ሁለት ዓይነት ብርሃን ነውር ነው" አሉ ትልቁ። "ይስተካከል።"

ያየህይራድ ወደ እኔ ዞረ። "ግድ የለም ወንድምዓለም" አለኝ። "ከቀለለህ ቀንሰኝ።"

እንዲህ ባይለኝ ምን ነበረበት? ሪሞቱን ተቀብዬ ተጫንኩ።

ያየህይራድ ወረደ። ወፉ ወረደ፣ ጦሳ ወረደ፣ ልክ እኔን አከለ። ከተመለስኩ ወዲህ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ጣቴን ከሪሞቱ አነሣሁ፤ ሪሞቱ ግን አላቆመም። ሁሉም ብዬዋለሁ። ሶፋው ላይ ያሉት ቴሌቪዥኖች ተራ በተራ ደበዘዙ። አምፖሉ ደበዘዘ። በመስኮቱ የምትታየው ፀሐይ ዞር ብላ አየችኝና እንደ እኔ ሆነች።

ከዚያ የእስከዳር ተራ ደረሰ። ስንት ቀን ያስቀናኝ የፊቷ ብርሃን ከግንባሯ ጀምሮ ቁልቁል ይጠፋ ጀመር።

"አንቺን አላልኩም!" ብዬ ጮኽኩ።

"ሁሉም አላልክም?" አለች። አልተቆጣችም።

ሪሞቱን ወደ ላይ ደጋግሜ ተጫንኩ። ከእኔ በላይ አልወጣም አለ። ዓለም ሁሉ የእኔን ያህል ብቻ በራች፤ ይህም ሰው ከሰው ለመለየት የማይበቃ ነበር።

እስከዳር ተነሥታ ግድግዳውን በእጇ ዳበሰች። "የቱ ነህ አንተ?" አለች። "አንድ ሆናችሁብኝ።"

መጀመሪያ ያየህይራድን ነካችው። "ይሄ ለብ ይላል።" ቀጥሎ እኔን ነካችኝ። "እህ! ይሄ ይፋጃል!" ብላ ጣቷን አፏ ውስጥ ከተተች። ትንሽ ቆይቶ ሚስማር ሲነቀል ሰማሁ። የእኔ ሚስማር አልነበረም። ሸክም ያቀፈ ሰው ርምጃ ወደ በሩ ሄደ።

"እስከዳር!" ልል ስል የሳሙናው ሙዚቃ ወጣ። ያለማቋረጥ። የነቃሁት ያኔ ነው፤ የሚጮኸው ስልኬ ነበር።

ረፍዷል። ፀሐይ እንደ ወትሮዋ ፊቴ ላይ ናት። የደወሉት አጎቴ ጋሽ ይመር፣ የሽማግሌዎቼ አለቃ ናቸው።

"እስካሁን ተኝተሃል?" አሉ በሹክሹክታ። "እኛ ጉዳይህን ይዘን!"

"ደረሳችሁ ጋሼ?"

"ደርሰን፣ ገብተን፣ ተቀምጠናል። ልብ በል፤ ሽማግሌ የመጣበትን ሳይናገር አይቀመጥም። እኛን ግን ገና በር ላይ 'ተቀመጡ፣ ተቀመጡ' ብለው ወንበር በሽሚያ አቀረቡልን።"

አልጋዬ ላይ ተነሥቼ ቁጭ አልኩ። ደስታው እንባ እንባ አለኝ። "እንዴት ሆነ?"

"አያ ሰይድ ወገባቸውን አሟቸው ቀሩ። ለሁለት መሄድ ደግሞ ደስ አይልም። እንዳጋጣሚ መንገድ ላይ አንድ ጨዋ ልጅ አገኘንና ሦስተኛ አድርገን ይዘነው ገባን። ቤቱን ያውቃል፣ አንደበቱ ይጥማል። ገና ሲያዩት ነው እኮ ቤቱ የበራው!"

"ማነው ልጁ?"

"መምህሩ ነዋ፣ ጎረቤታቸው። ያየህይራድ።"

ከድምፃቸው ጀርባ የእትዬ ደብሪቱ ሳቅ ይሰማል።

"ጋሼ፣ አስወጡት!"

"ምን ነካህ? ስለ አንተ እሱ ነው እየተናገረ ያለው! ሰዉ ሁሉ ፈዞ እያየው ነው። ልጅቷ እንኳ ሳትጠራ ከጓዳ ወጥታ በሩን ተደግፋ ታየዋለች። እንዲህ ያለ ሽምግልና አይቼ አላውቅም፤ በል እንኳን ደስ ያለህ" ብለው ስልኩን ዘጉት።